ንፋስ የሚይዝ ቆዳ

ከሚሴ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለነዋል ሸረፈዲን፣ ጀርመን አገር።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ ጀመረ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ካልቆጠርነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሻል። ስማቸውን ልዘርዝር ብል ወረቀቱ ያልቃልና አንቺው አንድ በአንድ አስቢያቸው።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም ብለሽ አትቆጪ። በስልክ ስንገናኝ ያው ታውቂዋለሽ፤ «ደህና ነሽ? ሁሉ ሰላም? ነጋያ?» ስንባባል ሰላምታው ሳያልቅ መስመሩ ይቋረጣል። ዓርብ ዓርብ በስልክ ሰላም እንባባል፤ ቁም ነገሩን እንደ ጀመርነው በወረቀት እንቀጥል። እስከ ስድስተኛ ክፍል የቆጠርኳት ፊደልም ዝገት አይብላት።

ደብዳቤሽን የከፈትኩት ሱቅ ውስጥ ነው፤ ገመድ የሚገዛ ሰው ፊቴ ቆሞ። ሰውየው አሥር ክንድ አለኝ፣ እኔ እያነበብኩ አሥራ አምስት ቆርጬ ሰጠሁት። ደስ ብሎት ሄደ፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ኦርጋን ስትይኝ መጀመሪያ የሠርግ ቤቱን፣ ያን ከጄኔሬተር የሚሰኩትን መስሎኝ ነበር። ሦስት ሺህ ቧንቧ! ትንሿ እርሳስ የምታክል፣ ትልቁ የመስጊዳችንን ሚናራ ግማሽ የሚደርስ! መቺው በእጁም በእግሩም የሚጫወት! ያ ሁሉ ደግሞ በንፋስ ብቻ! ኮምቦልቻ እንጨት ሥራ ስትማሪ «ሴት ልጅ መጋዝ ይዛ ምን ልትሆን ነው?» ያሉኝን ሰዎች እየዞርኩ ነገርኳቸው። የቤተ ክርስቲያንና የአዳራሽ ኦርጋን እየፈታች ታድሳለች አልኳቸው። ግማሾቹ አልገባቸውም፤ እኔም ግማሹ ነው የገባኝ።

አለቃሽ ክላውስ ቁርአንሽን የምትይዢባትን የቆዳ ከረጢት ዳብሶ «ማነው የሠራው?» አለኝ፣ እኔም «አባቴ» አልኩት ያልሽው ላይ ስደርስ ግን ወረቀቱን አጠፍኩት። ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

አሥራ ሁለት የበግ ቆዳ፣ መጋቢት ሳይጋመስ እዚያ የሚደርስ። ከፋሲካቸው በፊት ኦርጋኑ ድምፅ ማውጣት አለበት፤ ካልደረሰ ክላውስ ከፋብሪካ ይገዛል። እንዲህ ነው ያልሽው። እኔ በሕይወት እያለሁ ለምን ከፋብሪካ ይገዛል? እጄ ከሥራው ትንሽ ሰንብቷል እንጂ አልረሳም።

«ለቤተ ክርስቲያን መሆኑ ይከብድሃል?» ላልሽው፣ እንዳይከብደኝ ብዬ የመስጊዳችንን ሸህ ጀይላንን ጠየቅኋቸው። «አንተ ሥራህን አጥራ። የሰውን ጸሎት መስማት ያንተ ሥራ አይደለም» አሉኝ። ልወጣ ስል መልሰው ጠሩኝና «ለመሆኑ ድምፁ እንዴት ነው?» አሉ። እሳቸውም ጓጉተዋል።

ለናሙና ሦስት ቆዳ ልኬልሻለሁ። ጸጉሩን አጥቤ አበጥሬዋለሁ፣ ጥጥ ነው የሚመስለው። መቺው ረዥም ሰዓት ይቀመጣል ብለሻልና ወገቡን አይብረደው።

አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ።
አባትሽ ሸረፈዲን


ህዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣ አሰላሙ አለይኩም። እጅህን ስሜአለሁ፣ ጉልበትህንም ስሜአለሁ፤ በተለይ ጉልበትህን።

ሦስቱ ቆዳ ደረሰ። ክላውስ ጥቅሉን ፈታ። ከዚያ አንዱን ወንበሩ ላይ አንጥፎ ተቀመጠበት። «ለወገቤ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቼ አላውቅም» አለ። እስካሁን አልተነሳም ብልህ ማጋነን አይሆንም። አንዱን ሚስቱ ወሰደችው። በሦስተኛው ላይ እኔ እሰግድበታለሁ።

አትፈር። ጥፋቱ የኔ ነው። «ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ለስላሳ የበግ ቆዳ» ብዬ ስጽፍልህ፣ በኛ አገር ወደ አምልኮ ቤት የሚሄድ ቆዳ ጸጉሩ ያለ አጎዛ መሆኑን እንዴት ረሳሁት? አሁን በደንብ ላስረዳህ። የምንፈልገው ለወናፍ ነው፤ ቀጥቃጮች ከሰል የሚያነዱበት ዓይነት ወናፍ፣ ግን የዚህኛው ስፋት የአንተን አልጋ ያህላል። ከኦርጋኑ ጀርባ ተኝቷል። ንፋስ ሲሞላ ሆዱ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ሙዚቃው ንፋሱን ሲጠጣው ይወርዳል። ከመቶ ዓመት በላይ ሲነሳና ሲወርድ ማጠፊያው ላይ ያለው ቆዳ ተሰነጣጥቋል። አሁን ኦርጋኑ መዝሙሩ መሃል ላይ አስም እንደያዘው ሽማግሌ ያፏጫል።

ስለዚህ ጸጉር የለሽ፣ ቀጭን፣ እንደ ጆሮ ጫፍ የሚለሰልስ፣ ንፋስ የማያሳልፍ ቆዳ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ አፍህ ላይ ለጥፈህ አየር ወደ ውስጥ ትስባለህ። ክላውስ ከረጢቴን እንደዚያ አድርጎ ሲስብ ጉንጩ ጎደጎደና ዓይኑ ፈጠጠ። ምንም አልገባም። የፋብሪካው ቆዳ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ይሰነጠቃል፤ «ይህ ግን ሰማንያ ዓመት ይሄዳል» አለኝ። ልክ እንደ ከረጢቱ አድርግልን።

ድምፁን ጠይቀሃል። ትንንሾቹ ቧንቧዎች ወፍ ናቸው። መካከለኞቹ ሰው ናቸው። ትልቁን ግን በጆሮ አትሰማውም አባዬ። ሰንበቴ ገበያ የአፋር ግመሎች ሲመጡ ከማየትህ በፊት መሬቱ በእግርህ በኩል ይነግርህ የለ? እንደዚያ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያ ቀን ባዶው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲነፉት ወንበሩን ያዝኩ።

መጋቢት አጋማሽ ሩቅ ይመስላል እንጂ ሩቅ አይደለም። አይዞህ፣ አንተ ነህ እኮ።

ልጅህ ነዋል


ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ነዋል፣ አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታዬን ዛሬ ላሳጥረውና ይቅር በይኝ ብዬ ልጀምር፤ ለጸጉሩም፣ ለሌላውም።

ለጸጉሩ ሳቅሁ። ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ሳቅሁ። ክላውስ ወገቡን ስለሞቀው ደስ ብሎኛል። ወናፍ ከሆነማ አባትሽ ስንቱን ቀጥቃጭ ወናፍ አልብሷል! እያልኩ በሚቀጥለው እሑድ ሰንበቴ ወረድኩ። አራት ጥሩ ቆዳ፣ ቢላ ያልነካው፣ እሾህ ያልጫረው መርጬ መጣሁ። ዘፈዘፍኩ፣ ጸጉሩን አነሳሁ፣ በእንቧይ አሸሁ፣ ፋቅኩ፣ ጥላ ላይ ሰቀልኩ። በአምስተኛው ቀን አወረድኩት።

ጣውላ። ልጄ፣ በር ብትገጥሚው ይሆን ነበር። እንደ ምንም አሽቼ አፌ ላይ ለጠፍኩት፣ አየሩ በወንፊት እንደሚያልፍ አለፈ። ሁለተኛው እንዲሁ። ሦስተኛውን ሳጥፈው ጮኸ። አራተኛውን አልሞከርኩትም።

አሁን ያጠፍኩትን ወረቀት ልዘርጋው። የቁርአንሽን ከረጢት እኔ አልሠራሁትም። የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ቆዳውን የፋቅሁትም እኔ ነኝ። እንዲያ ያደረገው ግን የእናትሽ እጅ ነው። እናትሽ ካለፈች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ አጎዛ እንኳ ለሰው አልሠራሁም። ገመድ ነው የምሸጠው። ይህን አልነገርኩሽም፤ አንቺም «ሥራ እንዴት ነው?» ስትይ «አልሐምዱሊላህ» እያልኩሽ ነበር። ውሸት አልነበረም፣ መልስም አልነበረም።

ያኔ እንዴት ነበር መሰለሽ። እገዛለሁ፣ እዘፈዝፋለሁ፣ እፍቃለሁ። ከዚያ እናትሽ ዘይና ትወስደውና ጓሮ ካለችው ክፍል ገብታ ትዘጋለች። ማታ ስትወጣ ቆዳው ሐር ሆኗል። ገዥ ይመጣል፣ ይዳብሳል፣ «ሸረፈዲን፣ እጅህ ይባረክ!» ይላል። እኔ «አሚን» እላለሁ። እሷ መጋረጃው ጀርባ ናት፣ ትሰማለች። ሠላሳ ዓመት አሚን አልኩ። አንድ ቀን «እጇ ይባረክ በሉ» አላልኩም። ከሰው ገንዘብ አምስት ሳንቲም ነክቼ የማላውቅ ሰው፣ ይህንን እንዴት ስርቆት መሆኑን ሳላውቀው ቀረሁ? ሌሊት ሌሊት ሳይሆን ቀን ቀን፣ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ነው የሚመጣብኝ። ደግሞም እንዴት እንደምታለሰልሰው አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። ምን አለበት፣ ማሸት ነው፣ እል ነበር።

ይህን የምታውቅ አንዲት ሰው አለች፤ አብራት ያደገችው እህቷ፣ አክስትሽ ረቢአ። እሷ ጨፋ ሮቢት ናት፣ ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ነገር ግን በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ተቀምጦ እያለ ምን እንዳለችኝ አንቺ አልሰማሽም፣ ውሃ ልታመጪ ወጥተሽ ነበር። «እጇን ኖርክበት፣ ስሟን ቀበርከው» አለችኝ። ተነስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ጨፋ ሮቢት አልረገጥኩም።

ስለዚህ ለክላውስ ንገሪው፤ ከፋብሪካ ይግዛ። አባቴ አይችልም በይው። ያፈርሽብኝ እንደሆነ አፍሬብሃለሁ ብለሽ ጻፊልኝ፤ ዝም አትበይ።

አባትሽ


ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣ ለክላውስ አልነገርኩትም። አልነግረውምም።

አውቅ ነበር። ሰባት ዓመቴ ሳለ በዚያች ክፍል በር ስንጥቅ አይ ነበር። የማየው እግሯን ብቻ ነው፤ ተንበርክካ ወደ ፊት ወደ ኋላ ስትል። የሆነ ነገር ታነበንባለች። አንድ ቀን ያዘችኝ። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አለችኝ። ምስጢር ነው? ስላት «ምስጢር አይደለም። ገብቶ ላግዝሽ እያለ እንዳያደክመኝ ነው» አለች። እኔም ሕፃን ነኝና «ሰዎቹ ግን አባዬን ነው የሚያመሰግኑት» አልኳት። ሳቀች። «ተይው፣ ደስ ይለዋል» አለችኝ። ይህን ስነግርህ እንድትጽናና ብዬ ብቻ አይደለም። ታውቅ ነበር፣ ትወድህም ነበር፤ ያም ሆኖ ምስጋናው ይገባት ነበር። ሁለቱም አብሮ እውነት ነው።

አላፈርኩብህም። የማፍርብህ ግማሽ ሰዓት መንገድ ፈርተህ ከቀረህ ነው። አክስቴ ትሰድብሃለች። ስድቧን ተቀመጥና ስማ፣ ከዚያ ቆዳህን አውጣ። ያን ቃል እሷም ሦስት ዓመት ተሸክማዋለች፣ ለኔ ደውላ አልቅሳለች። ይህንን አልነገርኩህም ነበር፤ አንተ ብቻ አይደለህም የምትደብቅ።

ክላውስ የፋብሪካውን ቆዳ የሚያዝበት የመጨረሻ ቀን የካቲት ማለቂያ ነው። ያንተ መላኩን በዚያ ጊዜ ካላወቀ ያዛል። ኦርጋኑን በስልኬ ቀድቼ ልኬልሃለሁ፤ የሚያፏጨውንም አልቆረጥኩትም። አክስቴን አስሰማት።

ነዋል


ከሚሴ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነዋልዬ! አሰላሙ አለይኩም!

«ሄድክ ወይ?» ላልሽኝ፣ ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፤ በሦስተኛው የሚኒባሱ ረዳት «አባት፣ ዛሬስ ይወጣሉ ወይስ ሊሸኙን ነው?» ሲለኝ አፍሬ ገባሁ።

በሩን አንኳኳሁ። «ማነው?» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«ሸረፈዲን ነኝ።»

«የትኛው ሸረፈዲን? ባለ እጁ?»

ልጄ፣ መመለስ አማረኝ። ግን ስድቧን ስማ ብለሻል። «እጅ የሌለው» አልኳት። «እጅ የነበራት ሞታለች። እኔ ፋቂዋ ነኝ። ልማር መጥቼ ነው።»

የምድጃው እንጨት ሲንጣጣ ይሰማኛል። በሩ ተከፈተና በኦሮምኛ «ኮቱ» አለችኝ፤ ና ግባ። ቀጥላ «ያረጀህ ደግሞ ምን አባክ በልተህ ነው? ማል ታቴ፣ ምን ሆነህ ነው? ሦስት ዓመት እኮ ነው፣ ሠላሳ አይደለም!» ብላ ተቆጣች። ተቆጥታም አለቀሰች። ስለዚያ ቀን እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ። አንድ ነገር ብቻ አልኳት፤ «ያልሽው እውነት ነበር።» «እውነቱ እውነት ነው» አለች፣ «ቦታው ግን አልነበረም።» በዚሁ ተዘጋ።

ኦርጋኑን አስሰማኋት። ስልኩን በጆሮዋ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። «ይህ ሁሉ ከበግ ቆዳ ነው የሚወጣ?» አለች።

«ንፋሱን የሚይዘው እሱ ነው።»

«አጃኢብ! በሕይወት ሳለች እኮ ባእ ብቻ ነበር የምትል!» ከዚያ ፉጨቱ መጣ፣ ያ የታመመው። ፊቷ ተለወጠ። «ትንፋሽ አጥሮታል። ምስኪን። ስንት ቆዳ ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ረመዳን ሊገባ አራት ሳምንት ብቻ ቀርቶት! አሁን ነው የምትመጣ?»

ነዋል፣ ምስጢሩን ልንገርሽ፤ እናትሽ እንዳለችው ምስጢር አይደለም። እኔ ያበላሸኋቸውን አራቱን ፍቄ ሰቅዬ፣ ይደርቃሉ ብዬ ትቻቸው ነበር። ረቢአ እጄን መታችኝ። «እርጥብ ቆዳ ብቻውን አይተውም!» አለች። የተፋቀው ቆዳ የጉሎ ዘይት ይጠጣል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከእርጥብ እስከ ደረቅ እጅ አይለየውም። ትገፊዋለሽ፣ ትስቢዋለሽ፣ በበርጩማ ጠርዝ ታሺዋለሽ፤ እጅሽ ላይ ነው የሚደርቀው። ከጠዋት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ እስካለው የአስር ሶላት ይፈጃል። ለሶላት ስትነሺ በእርጥብ ጨርቅ ትጠቀልይዋለሽ፣ ሰግደሽ ትመለሺበታለሽ። እናትሽ የምታነበንበው በነቢዩ ላይ የምታወርደው ሰለዋት ነበር፤ ስትገፋ አንድ፣ ስትስብ አንድ። መቶ ሲሞላ ቆዳውን ታዞረዋለች። መቁጠሪያዋ ያ ነበር። አንቺ በስንጥቅ ያየሽው እሱ ነው።

የመጀመሪያዬን ዓርብ ዕለት ሠራሁ። ቀትር ላይ ስልክ ተደወለ፣ አነሳሁ፣ ያው ሰላምታው ረዘመ። ስመለስ መሃሉ ላይ መዳፍ የምታክል ቦታ ደርቃ ጣውላ ሆናለች። ረቢአ ዳበሰችውና «ማነው የደወለው?» አለች።

«ነዋል ናት።»

«ልጅህ ናታ ቆዳውን ያደረቀችው! በል በላት፤ ከእንግዲህ ዓርብም በወረቀት።»

ስለዚህ እስክጨርስ አትደውይ። ሰውነቴ ሁሉ ጉሎ ጉሎ ይሸታል፣ መዳፌ ተላጧል፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ደስ ብሎኝ የሠራሁበትን ጊዜ አላስታውስም። ሁለተኛውን ሳሽ ግን በመሃሉ እጄን አቁሜ ተቀመጥኩ። ረቢአ «ምነው?» አለችኝ። ዘይና ይህን ሁሉ ቀን ብቻዋን ስታደርገው እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሰው እየሸኘሁ ነበር አልኳት። «እየደረቀብህ ነው» ብቻ አለችኝ። እጄን መለስኩ።

ለዛሬ ይብቃኝ፤ መብራቱም ሄዷል።

አባትሽ ሸረፈዲን


ከሚሴ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ ረመዳን ሙባረክ። ጾሙን አላህ ይቀበለን።

አሥራ ሁለት! ቆጥሬ ጨርሼ እንደገና ቆጥሬአቸዋለሁ። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ራሴ ይዣቸው አዲስ አበባ እወጣለሁ፤ ከፈጣኑ ፖስታ ላይ በእጄ ነው የማስረክበው። እንደ ላክሁ በስልክ አጭር መልእክት አደርስሻለሁ፤ ለክላውስ ንገሪው፣ የካቲት ገና አላለቀም።

እንዳልቸኩል ረቢአ እየተቆጣች፣ የመጨረሻዎቹን አራት በጾም ነው የሠራነው። እሷ ትፈርዳለች፣ እኔ አሻለሁ፤ ሲደክመኝ እሷ ታሻለች፣ እኔ እፈርዳለሁ። ፈተናው ላይ ግን ተጣላን። አፌ ላይ ለጥፌ ልስብ ስል «ጾመኛ ነህ፣ ምን እየጠጣህ ነው?» አለችኝ። «አየር ነው» አልኳት። «ከቆዳው ጉሎው ቢገባስ?» አለች። ሸህ ጀይላን ዘንድ ሄድን። ሸሁ ቆዳውን አገላብጠው አዩና «አየር ጾም አይፈታም፤ ጉሎ ግን ከከንፈር እንዳያልፍ። ለምን ከመግሪብ በኋላ፣ አፍጥራችሁ አትስቡትም?» አሉ። ይህን ሁለታችንም አላሰብነውም! ከመግሪብ በኋላ አሥራ ሁለቱንም ስቤአለሁ። ጉንጬ ጎደጎደ። ምንም አልገባም፣ ነዋል፤ ምንም! ሸህ ጀይላን ራሳቸው «እስቲ አምጣው» ብለው አንዱን ሳቡና ሳል ይዟቸው ሳቁ።

አሁን የቀረው እዚያ ነው። እዚህ ጉንጬ ላይ የያዘ እዚያ አልጋ የሚያክል ወናፍ ላይ መያዙን በምን አውቃለሁ? ክላውስ ወገቡ ስለሞቀው ብቻ አይማረኝ። የማይሆነውን የማይሆን ይበል።

ሰላም ለቤት ሰዎችሽ፤ በሶላትሽ አስቢን።

አባትሽ


መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣ እየሮጥኩ ነው የምጽፍልህ። ደርሰዋል። ክላውስ አንድ በአንድ ብርሃን ላይ ይዞ አያቸው። አንዱን ለይቶ አስቀመጠ፤ ከጫፉ የእሾህ ጠባሳ አለው፣ ንፋስ ሊያስወጣ ይችላል። አሥራ አንዱን ግን ዳብሶ ዳብሶ፣ «ይህ ከከረጢቱ ጋር አንድ እጅ ነው?» አለኝ። «ቤተሰብ ነው» አልኩት።

በአሥራ አንድ እንዲበቃን ስንለካና ስንቀንስ ዋልን። ነገ ሙጫ አሙቀን መለጠፍ እንጀምራለን። ሙጫው ሲደርቅ ንፋስ እንሞላና የሚነፋውን መዘውር እናጠፋለን፤ ወናፉ በራሱ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቶሎ ከወረደ ቆዳው ያፈስሳል ማለት ነው። ክላውስ ሰዓቱን ይዞ ይቆማል። የተለጠፈው ካፈሰሰ ለፋሲካ ሌላ ጊዜ የለንም።

እንዳትደውል። ውጤቱን በወረቀት ነው የምነግርህ፤ ክፉም ቢሆን።

ነዋል


ከሚሴ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ነዋል፣ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ደብዳቤሽን ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ከፈትኩት፤ ተቀምጬ ልከፍተው አልቻልኩም። መጀመሪያ ሰላምታውን ዘለልኩ፣ ይቅር በይኝ። ክላውስ መዘውሩን አጥፍቶ ሰዓቱን ያዘ ያልሽው ላይ ደረስኩ። ሁለት ደቂቃ፤ አልወረደም። አራት ደቂቃ፤ ክላውስ ሰዓቱ የቆመ መስሎት ጆሮው ላይ አደረገው። ዙህር ደርሶብሽ ከኋላ ክፍል ሰግደሽ ስትመለሺ፣ ክላውስ እዚያው እንደ ቆመ፣ ወናፉ ገና ግማሽ ላይ! «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮህኩ። የባጃጅ ሹፌሮች ዞረው አዩኝ። አንዱ «አባት፣ ምን ወጣልዎት?» አለኝ። «ምንም አልወጣም!» አልኩት። «ምንም አልወጣም እኮ ነው ነገሩ!» አበደ ብለው ይሆናል። ይበሉ።

በዚያው ጨፋ ሮቢት ወረድኩ። የፋሲካውን ዕለት የቀዳሽውን ከረቢአ ጋር በአንድ ስልክ ሰማነው። ሰው ሲዘምር፣ ኦርጋኑ ከሥራቸው ሲነሳ፣ ከዚያም ብቻውን ቀርቶ ሲቀጥል። ቃሉን አላውቀውም፣ እምነቱም የኔ አይደለም። ሆኖም እየሰማሁ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ አሁን ያፏጫል፣ አሁን ያጥረዋል እያልኩ። አላጠረውም። እስከ መጨረሻው ሄደ። ረቢአ «እስከዚህ ያስረዝመው እንዴ?» ብላ ቁና ቁና ተነፈሰች፤ እሷም ይዛ ነበር ለካ።

ከተማው ውስጥ ላለው የሙዚቃ አዳራሽ ኦርጋን ሃያ አራት ቆዳ ይፈልጋል ላልሽኝ፣ እንሠራለን። ረቢአ የሁለት ጎረምሶች ሚስቶችን ጠርታ ልታስተምር ነው፤ እኔም ባሎቻቸውን ጠርቼ አብራችሁ ተማሩ ብያቸዋለሁ። አንዱ «የሴት ሥራ» ሲል ረቢአ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

አሁን መጨረሻ ላይ ወደጠየቅሽኝ ልምጣ። ክላውስ እርሳስ ሰጥቶኛል አልሽ፤ በእናንተ ሥራ ወናፉን ያለበሰው ሰው ስሙ በወናፉ መሸፈኛ ጣውላ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጻፋል፤ ጣውላው ገና አልተገጠመም፤ ከተገጠመ በኋላ የሚያየው መቶ ዓመት ቆይቶ የሚከፍተው ሰው ብቻ ነው። «የማንን ስም ልጻፍ? ያንተን ልጻፍ?» አልሽ።

ለሦስት ቀን አሰብኩበት። እውነቱን ልንገርሽ፤ ልቤ «ሸረፈዲን ብለሽ ጻፊ» ብሏል። አሥራ አንዱን በገዛ መዳፌ አሽቻለሁና ሐሰት አይሆንም ነበር። ለዚህ ነው የፈራሁት፤ ዘንድሮ ሐሰት ስላልሆነ። ረቢአን «ያንቺንስ?» አልኳት። «የኔ ስም ቤተ ክርስቲያን ሆድ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል? የሷን አስጽፍ፣ እሷ ዝምታ ትወዳለች» አለችኝ።

ስለዚህ ዘይና ብለሽ ጻፊ። የአባቷንም ስም ጨምሪ፣ ሙሐመድ፤ ሰው ሁሉ የሸረፈዲን ሚስት ብሎ ነው የኖረው። በኛ ፊደል ጻፊው፣ ክላውስ ማንበብ ባይችልም። ከሥሩ «የሸረፈዲን» አትበይ፣ «ከሸረፈዲን ጋር» አትበይ። ሠላሳ ዓመት የኔ ስም ብቻውን ቆሟል፤ አንድ ጊዜ የሷ ብቻውን ይቁም።

ከጻፍሽ በኋላ ወዲያው ግጠሚውና አትይው። እኔ ልሂድ፤ የሰንበቴው መኪና ሞልቷል፣ ረቢአ ከመስኮቱ ሆና ስሜን እየጠራች ነው።

አባትሽ